ዱዓ የተደረገበት ጎማ

ሪያድ ውስጥ ሰው ሁሉ «ያላ» ይላል። ማዳሟ «ያላ» ትላለች፣ አለቃው «ያላ» ይላል፣ መብራቱ ገና አረንጓዴ ሳይሆን ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ይለቅብሃል። እንዲህ ባለ ከተማ «ቆይ» የሚል ሰው መገኘቱ ይገርማል። ኸይረዲን ግን ይል ነበር። ሐበሾቹ መካከል ኸይረዲን የሚባል ሰው ሞልቷል፤ «የትኛው?» ሲባል «ቆይ የሚለው» ይባላል፤ ኸላስ፣ ሁሉም ይለየዋል።

የከሚሴ ልጅ ነው። አጠር፣ ደልደል ያለ፣ አርባን የተሻገረ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው። ራውዳ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ቤት ሹፌር ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ሽማግሌው ለልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ማመላለሻ የገዙት ትልቅ መኪና ነበራቸው፤ ልጆቹ አድገው ሲበተኑ ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ ይቅም ጀመር። ይኼኔ ኸይረዲንን ጠርተው «ዓርብና ቅዳሜ ለአገርህ ሰዎች ሥራበት፤ ብቻ መኪናዬን አትግደልብኝ» አሉት። በየሰዉ ቤት ተቀጥረው የሚኖሩት የወሎ ሴቶች ለዑምራ መካ መሄድ ሲያምራቸው ኸይረዲንን መጥራት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

መጥራቱንስ ይጠሩታል፤ ግን ያማርሩታል። ለምን ቢባል ሰውየው መኪና ከማስነሳቱ በፊት የሚያደርገው ነገር አለ። ሌላው ሹፌር ጎማውን በእግሩ ጠለዝ አድርጎ ያልፋል። ኸይረዲን ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ይተኛና፣ ክንዱን ዓይን ወደማይደርስበት ወደ ውስጠኛው ጎን አስገብቶ፣ እያንዳንዱን ጎማ ዙሪያውን በመዳፉ ይዳብሰዋል። ዓይኑን ይጨፍናል ደግሞ! ሴቶቹ መስኮት ላይ ተደርድረው ይስቁበታል።

«አያ ኸይረዲን፣ ኒካሁ መቼ ነው?» ትለዋለች ናዲራ፣ ምላስዋ ከመቀስ የሚፈጥን የሐይቅ ልጅ።

«ሙሽሪት ጠቆር አለች እንጂ ጸባይዋ ካንቺ ይሻላል» ይላታል ከመኪናው ሥር።

ይህንን ያስተማረው ባንቴ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ኸይረዲን ወጣት ሳለ የባንቴ ረዳት ሆኖ ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርጎ እስከ ጋላፊ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። አፋር በረሃ ላይ አስፋልቱ ሲግል ጎማ ምን እንደሚሆን ያየው እዚያ ነው። ባንቴ በየፌርማታው ያስወርደውና «በዓይንህ አትመነው፤ ዓይን ይቸኩላል፤ በእጅህ እየው» ይለው ነበር። የተጠራጠረው ጎማ ካለ አይነቃነቅም፤ ሌሎቹ ጡሩምባ እየነፉ፣ እየሰደቡት ያልፉታል፤ እሱ ሠረገላው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ የሚቀየር እስኪመጣለት ይጠብቃል። ባንቴ ተገልብጦ አያውቅም፤ ስለዚህም ስለ ባንቴ የሚወራ ታሪክ የለም። ወይ ሰው! የተገለበጠ ሹፌር ስሙ በየሻይ ቤቱ ይነሳል፤ በሰላም ሠርቶ በሰላም ጡረታ የወጣውን ማን ያስታውሰዋል? ኸይረዲን ያስታውሰዋል።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ረመዳን ካለፈ በኋላ በአንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ሙቀቱ እንቁላል የሚቀቅል ነበር። አሥር ሴቶች ዑድ ሰፈር ውስጥ እትዬ ሩቂያ ቤት ተሰብስበዋል። እትዬ ሩቂያ የወረባቦ ሰው ናት፤ ሪያድን ከሁሉም በፊት የረገጠች፣ ታማሚ የምታስጠይቅ፣ የተጣላ የምታስታርቅ፣ ዱዓዋ ጠብ አይልም የሚባልላት። መንገድ ከመነሳቱ በፊት እሷ ወዳጃ ታስቀምጣለች፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። በእሷ ደንብ ደግሞ ዱዓ ተደርጎለት የተነሳ መንገድ አይመለስም። ከመኪና መውረድ ራሱ ገድ አይደለም፤ የረሱት ዕቃ ቢኖር እንኳ ተረስቶ ይቀራል።

ከአሥሩ ሴቶች አንዷ ሚስኪ ነበረች። ይህ መንገድ ለሌሎቹ ደስታ ነው፤ ለሚስኪ ግን የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ሠርታለች፤ መካን በቴሌቪዥን ካልሆነ አይታት አታውቅም። ማዳሟ «በሚቀጥለው ዓመት» እያለች ስድስቱን ዓመት ጨረሰችባት። በመሃሉ እናቷ ከሚሴ ላይ ሞቱ። መርዶውን በስልክ ስትሰማ የሰው ደረጃ እየወለወለች ነበር፤ ወለሉን ሳትጨርስ እንዳትነሳ የተነገራትም ያን ቀን ነው። እናትየው በሕይወት ሳሉ በደወለች ቁጥር «መካን አየሽልኝ?» ይሏት ነበር፤ እሷም «ዘንድሮ ኢንሻአላህ» ትላለች። አሁን ጠቅልላ ልትገባ ነው፤ የመውጫ ቪዛዋ ተመትቷል፣ ሰኞ ማታ ትበርራለች። ማዳሟ በስንት ልመና ዓርብንና ቅዳሜን ሰጠቻት፤ ቅዳሜ ማታ ቤት መገኘት አለባት። ካዕባ ፊት ቆማ የእናቷን ስም መጥራት ነበር የፈለገችው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ኸይረዲን ሁልጊዜ ጎማውን የሚፈትሸው ከዱዓው በፊት ነው። ያን ጠዋት ግን ገና ከመኪናው ሲወርድ እትዬ ሩቂያ እጁን ይዛ «ግባ፣ ግባ፣ አሚን የሚል ወንድ የለንም» ብላ አስገባችው። ስለዚህ ካርቶኑን ያነጠፈው ዱዓው አልቆ፣ ሴቶቹ ተሳፍረው፣ ቦርሳው ሁሉ ከተጫነ በኋላ ነው። ሦስቱ ጎማዎች ደህና ናቸው። አራተኛው፣ የግራው የኋላ፣ ውስጠኛው ጎኑ ላይ መዳፉ አንድ ነገር አገኘ።

«ቆይ» አለ ለራሱ።

መጀመሪያ ተስፋ አደረገ። የጎማ ጎን አንዳንዴ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ መስመር ይኖረዋል፤ ሲሠራ የተገጣጠመበት ቦታ ነው፣ ምንም አይልም። እንደገና ዳበሰው። ጎድጓዳ አልነበረም። ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ የግማሽ እንቁላል የሚያህል እብጠት። ይሄ ሌላ ነው። ጎማው ሥጋ ውስጥ እንደ ጅማት ሆኖ የያዘው ክር አለ፤ እሱ ሲበጠስ ንፋሱ ስስ ቦታ አግኝቶ ይገፋል። ወዲያው ትናንት ማታ ትዝ አለው፤ እዚያው ዑድ ጠባቡ መንገድ ላይ ለውኃ ቦቴ ሲያሳልፍ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ በኋላ ጎማው ወጥቶበት ነበር። ያኔም ወርዶ አይቷል፤ ምንም አልነበረም። እብጠት ግን ውሎ አድሮ ነው የሚወጣው።

ስኮርታ፣ መጠባበቂያ ጎማ፣ የለውም እንዴ? አለው እንጂ! ኸይረዲንን የምታህል ነፍስ ያለ ስኮርታ መካ ትሄዳለች? ግን ሐሙስ ከሰዓት አንዱን የፊት ጎማ ሚስማር በልቶት ስኮርታው ገብቷል፤ የተበሳው ፉጣ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ቤት ተቀምጧል። እዚያ ለሚሠራው ለረታ ደወለ።

«ወንድሜ፣ የአንተ ተለጥፎ አልቋል፤ ሱቁ ግን ዝግ ነው» አለው ረታ በእንቅልፍ ድምፅ። «ቁልፉ ያለው ባለቤቱ ጋ ነው፤ ዓርብ ከከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት በፊት አይመጣም። ስልክም አያነሳ።»

«ሌላ የተከፈተ ቤት የለም?»

«ዓርብ ጠዋት? በሪያድ? ምን ነካህ?»

ኸይረዲን አቧራውን አራገፈና በሩን ከፈተ። አሥር ነጭ የለበሱ ሴቶች ደስ ብሏቸው ይጠብቁታል። ከጎማ ሥር ሆኖ መወሰን ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት አይቶ መናገር ነው ከባዱ።

«የኋላው ጎማ ጎኑ አብጧል» አለ። «በዚህ መሄድ አልችልም። ከዐስር በኋላ ነው የሚቀየር የማገኘው።»

መኪናው ውስጥ ጫጫታው ፈነዳ። «ከዐስር በኋላማ መቼ ደርሰን መቼ ልንመለስ?» እውነታቸውን ነው። ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። ከዐስር በኋላ ቢነሱ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ፣ ሳይተኛ ዞሮ መመለስ ሊኖርበት ነው። «ከጎማ ሸሽቼ እንቅልፍ ላይ ልውደቅ?» አላቸው። ከባጥሐ የሚነሱት የዑምራ አውቶቡሶች ሐሙስ ሄደዋል። መኪና ያላቸው ሌሎች ሁለት ሐበሾች ላይ ደወለ፤ አንዱ ደማም ከተማ ነው ያለው፣ ሌላው ከነጭራሹ አላነሳም።

«ቀስ ብለህ ንዳው!» አለችው አንዷ።

«ንፋሱን ቀንስለት፣ እብጠቱ ይሟሽሻል» አለች ሌላዋ።

«ንፋስ ሲቀንስ ጎማ ይተሻሻል፤ ሲተሻሽ ይግላል፤ ሲግል ነው የሚለያየው።»

«ኧረ በነቢ! ዛሬ ጠዋት በዚህ ጎማ ነድተህ አልመጣህም?»

«መጥቻለሁ። ሳላውቅ ነዋ።»

ይኼኔ እትዬ ሩቂያ ከፊተኛው ወንበር ዞር አለች። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ዝቅ ስታደርግ ነው የሚፈራው። «ኸይረዲኔ፣ የሰው እጅ ተዘርግቶበት፣ አሚን ተብሎበት የተነሳ መንገድ ነው። አንተም አብረህ አሚን ብለሃል። የምትመልሰው አንተ ማን ነህ?»

«እትዬ ሩቂያ፣ ዱዓው…»

«ደግሞ የግመሏን ሐዲስ እንዳትነግረኝ! እሰራትና በአላህ ተወከል የሚለውን አውቃለሁ፤ አንተ ሳትወለድ አውቃለሁ።»

«አልነግርሽም። ግመሏንማ አስረናታል። እኔ የምልሽ ገመዱ ሳስቷል ነው።»

እትዬ ሩቂያ ከመኪናው ወረደች፤ እሷ፣ መውረድ ገድ አይደለም የምትለዋ! መኪናውን ዞራ የግራው የኋላ ጎማ ጋ ቁጢጥ አለችና እጇን ጫነችበት። ረጅም ዱዓ አደረገችለት፤ መስኮት ላይ ያሉት ሁሉ አሚን፣ አሚን አሉ። መጨረሻ ላይ «እትፍ፣ እትፍ» ብላ መረቀችው። አትሳቁ። ሴትየዋ የምታውቀውን መድኃኒት ሁሉ ነው የሰጠችው፤ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ቀና ብላ «አሁንስ?» አለችው።

ኸይረዲን ካርቶኑ ላይ እንደገና ተኛ። ዳበሰው። አንዱ ልቡ ጠፍቶ ባገኘው ብሎ ነበር፤ እውነት ነው፣ እሱም የወሎ ልጅ ነው። እብጠቱ አለ።

«እዚያው ነው» አለ።

«ፈሪ ለእናቱ!» ብላ ናዲራ መስኮቱን ዘጋችው።

ሚስኪ ቀስ ብላ ወረደችና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አዲሱ ነጭ ልብሷ አቧራ ነካ።

«የቱ ጋ ነው?»

እጇን ይዞ አስነካት። ጣቶቿ እብጠቱን አግኝተው ቆሙ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ይቺ ትንሽ ነገር? አያ ኸይረዲን፣ እነዚህ ሁሉ በሚቀጥለው ወር ይሄዳሉ። እኔ ሰኞ ነኝ። ተመልሼ አልመጣም። ይህንን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እህቴ።»

«ወላሂ እኔ ሞቴን ተቀብያለሁ። በመካ መንገድ ብሞት ምን ቀረብኝ?»

«አንቺ ትቀበያለሽ። ዘጠኙስ?»

«ጠይቃቸዋ!»

ጠየቃቸው። ለጉዱ ደግሞ ሁሉም «እንቀበላለን፣ ተወኩላችን በአላህ ነው» አሉ። ለሚስኪ ሲሉ ነው፤ አንዷን ብቻዋን ላለመተው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው እንግዲህ፤ ለሰው ብሎ ገደል ይገባል። ኸይረዲን የጎማውን ጥርስ አየ። አንድ «ያላ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ምናልባትም ይደርሳሉ። ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጎማ ይሄዳል፤ ብዙ ሰውም ይደርሳል። የሚስኪ እጅ አሁንም ጎማው ላይ ነው።

«እኔ አልቀበልም» አለ። ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ሴቶቹ ቦርሳቸውን አወረዱ። ማንም አልተሳደበም፤ ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። እትዬ ሩቂያ ሚስኪን አቅፋ አስገባቻት። እስከ ደጃፉ ድረስ ሳይሰማ የቆየው ልቅሶ ከውስጥ ሲወጣ ኸይረዲን አሁንም ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር።

ከዐስር በኋላ ጎማውን ይዞ ፉጣ ወረደ። ረታ የይፋት ልጅ ነው፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን እንደ ሁሉም ሰው «ኢንሻአላህ»ና «ወላሂ» አፉ ላይ አይጠፋም። ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀና አምፖሉን አስጠግቶ ውስጡን አገላብጦ አየው። በጣቱ ዳበሰው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፣ እንደገና አየው።

«ከውስጥ ምንም አይታይም» አለ።

«ምንም?»

«አንዲት የተጨማደደች መስመር አለች፤ እሷም እጥፋት ልትሆን ትችላለች። የተበጠሰው ክር መሃል ሥጋው ውስጥ ነው፣ አይታይም። ጎን ደግሞ አይለጠፍም፤ ይሄን ጎማ መጣል ነው።»

«መካ ደርሶ ይመለስ ነበር?»

ረታ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሊመለስ ይችል ነበር። ላይመለስም ይችላል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ? በዚህ ሙቀት፣ አሥር ሰው ጭኖ… አላውቅም። አንድም ሰው አያውቅም።»

ኸይረዲን በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ደክሞት ነበር። ረታ ምን ሆነሃል ሲለው ሁሉንም ነገረው፤ እትዬ ሩቂያ ጎማውን እንደመረቀች፣ ሚስኪ ነጭ ልብሷን ይዛ አቧራ ላይ እንደተቀመጠች። ረታ ሰምቶ ሲጨርስ ከመሣሪያው ሳጥን ሴንጢ አወጣ።

«ለዚህ ነው እንዴ ፊትህን ያጠቆርከው? በል ተነስ፣ ስልክህን አውጣ። እብጠቱ ላይ ከውስጥ አንድ ጊዜ ልሰንጥቅልህ። እንደ ተበጠሰ ሆኖ ይወጣል። ፎቶ አንስተህ ላክላቸው፤ ነገ እጅህን ይስሙሃል።»

ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ቀርቦለት ወዲያው «አይ» ቢል ውሸት ነው። ኸይረዲንም ወዲያው አላለም። ሴንጢውን አየው፣ ጎማውን አየው። ክፋት አልነበረውም እኮ። ክሩ መበጠሱ መቼም ተበጥሷል፤ ፎቶው የተደበቀውን እውነት ማውጣት ነው ሊባል ይችላል። ሚስኪም አገሯ ስትገባ «አላህ አተረፈኝ» ብላ ትገባለች፤ ቁጭቱ ይቀርላታል። እሱም የእትዬ ሩቂያን ቤት ደጃፍ ሳይሸማቀቅ ይረግጣል። ማን ይጎዳል? አስቡት፣ ማን ይጎዳል?

«ተወው» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ነገ ሌላ ጎማ ላይ ቆይ ስላቸው እውነቴን ይሁን ውሸቴን በምን ይለያሉ?»

ረታ ሴንጢውን አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው። «አንተ ሰው ደግሞ!» አለ። በአድናቆት ይሁን በንዴት አይታወቅም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስኪ ደወለች። ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ድምፅዋ ይናገራል።

«ተፈትቶ ታየ?»

«ታየ።»

«ምን ተገኘ?»

«ከውስጥ ምንም አልታየም፣ እህቴ።»

«ስለዚህ ያደርሰን ነበር?»

«ያደርሰን ነበር ይሆናል። ላያደርሰንም ይችላል። አላውቅም።»

«ሳታውቅ ነው ያስቀረኸኝ?»

«ስላላወቅሁ ነው ያስቀረሁሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። እንዲያ ነው የሆነው፤ ሌላ ማጣፈጫ የለውም። ወሬውም በየቤቱ ዞረ፤ «ምንም ባልሆነ ጎማ የሙት እናቷን መንገድ ዘጋባት» ተባለ። ናዲራ ለሰው ሁሉ ነገረች። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ሐበሻ አልደወለለትም፤ እሱም ለአንድም ሰው አላስረዳም። ሽማግሌውን ሐኪም ቤት አደረሰ፣ ገበያ ሄደ፣ መኪናውን አጠበ። አዲስ ጎማ አስገባ። ምግብ ግን አልወርድልህ ብሎት ነበር፤ ሽማግሌውም አይተው «ምነው ልጄ፣ አመመህ?» ብለውታል።

ሰኞ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ሚስኪ ናት።

«ማዳም በሹፌሯ ልትልከኝ ነበር» አለች። «ልጁ ስልኩን እያየ ነው የሚነዳ። ኤርፖርት የምታደርሰኝ አንተ ነህ።»

ሄዶ ወሰዳት። ሻንጣዋን ጫነና፣ እንደ ልማዱ ካርቶኑን አነጠፈ። አፍሮ ነበር፤ በእሷ ፊት ጎማ መዳበስ ቁስል መንካት መሰለው። ግን አልተወውም። እሷም መኪናው ውስጥ ሆና አልቸኮለችም። ሲጨርስ ገብቶ አስነሳ። ሜዳው፣ መብራቱ፣ ግንቡ ሁሉ አለፈ። ኤርፖርቱ በር ላይ ሻንጣውን አውርዶ ሊሰናበታት ሲል ዓይኑን ቀና አድርጎ ማየት አቅቶት ነበር።

«አያ ኸይረዲን፣ አንተ ለራስህ ዑምራ አድርገሃል አይደል?»

«ብዙ ጊዜ፤ አልሐምዱሊላህ።»

«ለራሱ ያደረገ ሰው ለሞተ ሰው ሊያደርግ ይችላል ብላኛለች እትዬ ሩቂያ።»

«ይችላል።»

«ለእናቴ አድርግልኝ።»

ኸይረዲን አሁን ቀና አለ። «እኔን?» አለ። «ሚስኪ፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ። ተናድጄብሃለሁ፤ አሁንም አልወጣልኝም። መካን ሳላያት ገባሁ፤ ይሄ እስክሞት አይወጣልኝም።» እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ግን ቅዳሜ ስደውልልህ ጎማው ተቀዶ ነበር ብትለኝ አምንህ ነበር። አምኜህም አርፌ እገባ ነበር። እንዲያ ብለኸኝ ቢሆን ግን እናቴን አደራ አልልህም ነበር፤ እውነተኛ መሆንህን በምን አውቅ ነበር? አንተ አደረግኩ ካልክ ማድረግህን አውቃለሁ።»

«ስማቸው ማን ነው?» አለ።

«መሬማ ይማም።»

«መሬማ ይማም» ብሎ ደገመው።

ሻንጣዋን እየገፋች ገባች። ኸይረዲን ሰዉ እስኪውጣት ድረስ ቆሞ አያት፤ ከኋላው «ያላ! ያላ!» እያለ የሚጮኽበትን ዘብ አልሰማውም።

ወሩ ሳያልቅ ሴቶቹ እንደገና ተሰበሰቡ። እትዬ ሩቂያ ዱዓዋን ከመጀመሯ በፊት «ኸይረዲንን ጠብቁት፤ ጎማውን ይጨርስ» አለች፤ ናዲራም አፏን ያዘች። በሰላም ደረሱ። ኸይረዲን ኢሕራሙን ሲታጠቅ ዑምራው የመሬማ ይማም ነው ብሎ ነየተ። ሰባቱን ዞረ፣ ሰፋና መርዋ መካከል ተመላለሰ፣ ጸጉሩን ተላጨ። የሰው አደራ ነውና ከራሱ ዑምራ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው ያደረገው።

ጨርሶ ሲያበቃ ወደ ካዕባው ተመለሰና ስልኩን አወጣ። ከሚሴ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ፤ በሦስተኛው ተነሳ።

«ሚስኪ፣ ተፈጽሟል። አሁን ፊት ለፊቱ ነኝ» አላት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ከወዲያ ማዶ።

«ዑምራውን እኔ አድርጌላቸዋለሁ። ስማቸውን ግን እኔ አልጠራም፤ አንቺው ጥሪው» አለና ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ፣ ስልኩን ይዞ፣ ክንዱን የቻለውን ያህል ወደ ላይ ዘረጋ።

«መሬማ ይማም!» ብላ ሚስኪ ከከሚሴ ጮኸች። «እማዬ! መሬማ ይማም!»

አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ዞር ብለው አዩት። ልቅሶዋ እስኪያልቅ ድረስ ክንዱን አላወረደም።